የሠርግ ቦታ አመራረጥ፦ ዳስ ሲቀር አዳራሽ ምን ይጠየቃል?

በኢትዮጵያ ከተሞች የሠርግ ቦታ መምረጥ ራሱን የቻለ ጥያቄ የሆነው በቅርብ ዘመን ነው። ቀድሞ የሙሽራዪቱ ወገን ድግስ በወላጆችዋ ግቢ፣ የሙሽራውም በእርሱ ወላጆች ደጅ እንደሚሆን ማንም የሚጠራጠር ስላልነበረ፣ የቤተሰቡ ጭንቀት ሁሉ በእህሉ፣ በመጠጡና በሰንጋው ላይ ያርፍ ነበር። ቦታው የሚዘጋጀው ዳስ በመጣል ሲሆን፣ ዳስ ማለት በእንጨት ምሰሶና ማገር ቆሞ በቅጠልና በለምለም ቅርንጫፍ የሚሸፈን፣ ወለሉም ቄጠማ የሚጎዘጎዝበት ጊዜያዊ መጠለያ ነው፤ በከተማ ውስጥ ይኸው ዳስ ቀስ በቀስ በሸራ ድንኳን ተተክቷል።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚመረምረው ግን ዳሱ ከፀሐይና ከዝናብ ከመከለል ያለፈ ሥራ ነበረው። ዳስ የተጣለበት ቤት ጎረቤቱ ሁሉ በየሙያው የሚሰማራበት ቤት በመሆኑ፣ ወጥ የሚሠሩ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ጠላ የሚጠምቁ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ እንግዳ የሚያስተናግዱና ሌሊት ንብረት የሚጠብቁ ሰዎች ከሰፈሩ ይወጡ ነበር። በየወሩ መዋጮ እየሰበሰበ በተለይ በሐዘን ጊዜ አባላቱን የሚረዳው እድርም ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ለደጋሹ አባል በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ያውሰው ነበር። ለእነዚህ አገልግሎቶች የተጻፈ ውል አልነበረም፤ ዛሬ የረዳ ነገ እንደሚረዳ መታወቁ ብቻ ይበቃ ነበር። አዳራሽ የሚከራይ ቤተሰብ እንግዲህ አራት ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ ሳይጠየቅ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት ሁሉ በገንዘብ ለመተካት ይነሣል፤ አዳራሹ ደግሞ ያልተጠየቀውንና በውሉ ያልሰፈረውን የመስጠት ግዴታ የለበትም። የመጋረጃው ውበትና የመብራቱ ድምቀት በመጨረሻ ሊታይ የሚገባው ነገር ሆኖ ሳለ ብዙ ቤተሰብ ከእርሱ መጀመሩ ለኋላ ጭቅጭቅ በር የሚከፍተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ አዳራሹ የተወሰደው እርምጃ የፋሽን ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት አይገባውም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተስፋፉትና በተለምዶ ኮንዶሚኒየም የሚባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ነዋሪ ከግቢ አውጥተው ፎቅ ላይ ስላኖሩት፣ ዳስ የሚጣልበት መሬት ራሱ ከብዙ ቤተሰብ እጅ ወጥቷል። በእነዚህ መንደሮች ውስጥ ለድግስ፣ ለሐዘንና ለእርድ ተብለው የተሠሩት፣ ነዋሪው ኮሙናል የሚላቸው የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች የቀድሞውን ግቢ በከፊል ይተካሉ፤ መጠነኛ እንግዳ ለሚጠራ ደጋሽም ከማንኛውም ኪራይ አዳራሽ በፊት ሊታሰቡ የሚገባቸው ናቸው። በሌላ ወገን በ1962 ዓ.ም. እንደተከፈተው ሒልተንና በ1990 ዓ.ም. እንደተከፈተው ሸራተን ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ለባለጸጋው ያቀርቡት የነበረው የአዳራሽ ድግስ፣ ዛሬ በየክፍለ ከተማው ለሠርግ ተብለው በተሠሩ አዳራሾች አማካይነት መካከለኛ ገቢ ላለው ቤተሰብም ደርሷል።

ቦታው ከቀኑ ተነጥሎ አይመረጥም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዐበይት አጽዋማት ውስጥ ሥርዓተ ተክሊል ስለማትፈጽም፣ ኅዳር 15 ቀን የሚገባው የነቢያት ጾም በገና ከተፈታ በኋላ እስከ ሁዳዴ ዋዜማ ያለው ጊዜ ዋነኛው የሠርግ ወራት ሆኖ ቆይቷል። ሁዳዴ የሚባለው የ55 ቀን ዐቢይ ጾም ደግሞ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ በሆነው በባሕረ ሐሳብ ቀመር መሠረት ከየካቲት 1 ቀድሞ ከመጋቢት 5 ዘግይቶ አይገባም፤ በመሆኑም ከጥምቀት ማግሥት እስከ ጾሙ መግቢያ ያለው ጊዜ በአንዳንዱ ዓመት ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በአንዳንዱ ዓመት ከሰባት ሳምንት ያልፋል። ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ሠርገኛው ሁሉ ለጥቂት ቅዳሜና እሑድ ስለሚሻማ፣ አዳራሽ ፍለጋ ከመውጣት በፊት የዓመቱን የአጽዋማት ማውጫ መመልከት ይገባል። ሁለተኛው ወራት ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ቀኑን ከቅዳሜና እሑድ አውጥቶ አዳራሹን በተሻለ ዋጋ ለመከራየት የሚያስችል ዕድል ይገኛል፤ ይሁን እንጂ እንግዳው በሥራ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ እንዴት ይወጣል የሚለው ጥያቄ ብዙውን ደጋሽ ወደ እሑድ ይመልሰዋል።

ከቀኖቹ ሁሉ ጥር 12 የተለየ ቦታ አለው። ዕለቱ ቤተ ክርስቲያን ጌታ በቃና ዘገሊላ ሠርግ ቤት ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበትን ተአምር የምታስብበት በመሆኑ ለጋብቻ የተባረከ ቀን ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን በዚሁ ዕለት የቅዱስ ሚካኤል ታቦታት ከጥምቀተ ባሕር ወደየአጥቢያቸው ሲመለሱ መንገዶች በምእመናን ስለሚሞሉ፣ ታቦቱ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ያለ አዳራሽ የመረጡ ሙሽሮች መኪናቸው እስከ ማምሻው ቆሞ ሊቀር ይችላል። በዚህ ቀን ለመደገስ የሚያስብ ቤተሰብ የአዳራሹን ባለቤት ከማነጋገሩ አስቀድሞ በአካባቢው ያለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ታቦት በየትኛው መንገድ እንደሚገባ ማጣራት ይኖርበታል።

ቀኑ ከተወሰነ በኋላ የሚመጣውና ከሁሉም የሚከብደው የእንግዳው ቁጥር ነው። የጥሪ ካርድ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ ቤተሰብ የሚላክ በመሆኑና የተጠራው ሰው መምጣት አለመምጣቱን አስቀድሞ የማሳወቅ ልማድ ስለሌለ፣ ሁለት መቶ ካርድ አራት መቶ ሰውም ስድስት መቶ ሰውም ሊያመጣ ይችላል። በዳስ ዘመን ይህ ብዙ አያስጨንቅም ነበር፤ የተጨናነቀ አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ይጨመራል፣ ቀድሞ የበላውም ተነሥቶ ለመጪው ቦታ ይለቃል። በአዳራሽ ውስጥ ግን ወንበሩ የተቆጠረ ነው። ዲያሜትሩ 1.80 ሜትር የሆነ ክብ ጠረጴዛ አሥር ሰው የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ ወንበሮቹና በመካከላቸው አስተናጋጅ የሚያልፍበት መተላለፊያ ሲጨመሩ አንዱ ጠረጴዛ ወደ 12 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይይዛል። አራት መቶ እንግዳ ማለት አርባ ጠረጴዛ፣ አርባ ጠረጴዛም 480 ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ በዚህ ላይ የሙሽሮቹና የሚዜዎቹ መድረክ፣ የምግቡ መደርደሪያ፣ የሙዚቃው ቦታና የጭፈራው ሜዳ ሲታከል ከ600 ካሬ ሜትር ያነሰ አዳራሽ ይጠብባል። ባለ አዳራሾች ይህን ያህል ሰው ይይዛል ሲሉ ወንበር እንደ ስብሰባ በተርታ ተደርድሮ የሚይዘውን ቁጥር ሊጠሩ ስለሚችሉ፣ ቁጥሩ በጠረጴዛ ወይስ ያለ ጠረጴዛ፣ ከነጭፈራው ሜዳ ወይስ ያለ እርሱ መሆኑ ተለይቶ መጠየቅ አለበት።

አዳራሹ ከሚገባው በላይ ሲሰፋም ችግር አለው። ስምንት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ሦስት መቶ እንግዳ ቢቀመጥ፣ ጭፈራው ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው አይጋባም፤ እንግዳውም በባዶ ጠረጴዛዎች መካከል ተበታትኖ ሠርጉ ሰው ያልመጣበት ይመስላል። የኢትዮጵያ ሠርግ ሙቀት የሚመነጨው ከመድረኩ ሳይሆን እንግዳው ክብ ሠርቶ ከሚያጨበጭብበትና ከሚጨፍርበት ከመካከሉ በመሆኑ፣ በጥቂቱ የጠበበ አዳራሽ ከሰፊው የተሻለ ነው ማለት ይቻላል።

ሥነ ሥርዓቱ በየት በየት እንደሚያልፍ ሳይታወቅ ደግሞ ቦታው ተስማሚ መሆኑን መናገር አይቻልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስት ዓይነት ጋብቻዎች ስለሚቀበል፣ ጋብቻው የሚታሰርበት ቦታና የሚደገስበት ቦታ አንድ መሆን አይጠበቅባቸውም። በተክሊልና በቁርባን የሚጋቡ ኦርቶዶክሳውያን ሙሽሮች ከማለዳው ቅዳሴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ይቆያሉ፤ ከዚያ በመኪና አጀብ ወደ ፎቶግራፍ መነሻ ቦታ፣ ብዙዎች ለረዥም ዘመን እንዳደረጉትም እንደ ግዮን ሆቴል ወዳለ የአትክልት ስፍራ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ወደ አዳራሹ ይመጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ በከተማው አንድ ጫፍ፣ አዳራሹ በሌላው ጫፍ ሲሆን፣ በካርዱ ላይ ስድስት ሰዓት የተባለው ምሳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መነሣቱ አይቀርም፤ ሰዓት ያከበረው እንግዳም፣ ጥቂትም ቢሆን እንዲህ ያለ እንግዳ አለና፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ባዶ መድረክ ሲያይ ይቆያል።

የአዳራሹ አሠራርም ከልማዱ ጋር መስማማት አለበት። የሙሽራው አጀብ ሲደርስ የሙሽራዪቱ ወገኖች በሩን ይዘው በዘፈን የሚከራከሩበት ጨዋታ ሰፊ ደጅ ይፈልጋል፤ በሁለት ሰው ወርድ በሚከፈት የመስታወት በርና በአሳንሰር ፊት ይህ ጨዋታ ወደ ግፊያ ይለወጣል። ሽማግሌዎች የሚመርቁበት፣ ወላጆች ጉልበታቸው የሚሳምበት ቦታ ደግሞ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለና ከማንኛውም ጠረጴዛ የሚታይ ሊሆን ይገባል። በሙስሊም ቤተሰቦች ኒካሕ የሚባለው የጋብቻ ውል በመስጊድ ወይም በሙሽራዪቱ ቤት ከታሰረ በኋላ ድግሱ በአዳራሽ ሲደረግ፣ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ የሚቀመጡበት ልማድ ያላቸው ሁለት ክፍል ወይም በመጋረጃ የሚከፈል ሰፊ ክፍል፣ እንዲሁም ለስግደትና ውዱእ ለሚባለው ቅድመ ስግደት መታጠብ የሚሆን ንጹሕ ቦታና ውኃ ያስፈልጋቸዋል። የወንጌላውያን ሙሽሮች በአብዛኛው በአልኮል ስለማይደግሱ፣ ትርፉን በመጠጥ ሽያጭ ላይ ከጣለ አዳራሽ ጋር የሚያደርጉት ድርድር ከሌላው የተለየ ይሆናል።

ወጥ ቤቱ ከአዳራሹ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ክፍል ነው። ምግቡን ሆቴሉ ራሱ የሚያቀርብ ከሆነ ዋጋው በሰው ቁጥር ይሰላል፤ ዝቅተኛ የተረጋገጠ ቁጥር የሚባል ነገርም በውሉ ውስጥ ይገባል፤ ይህም ደጋሹ ቢያንስ የዚያን ያህል ሰው ሒሳብ እንደሚከፍል የሚያስገድድ ነው። ቁጥሩ ሦስት መቶ ሆኖ ሁለት መቶ አርባ ሰው ቢመጣ፣ የስድሳው ሰው ሒሳብ አይቀነስም። ደጋሹ የራሱን ወጥ ሠሪ ይዞ የሚገባበት አዳራሽ ከሆነ ደግሞ የምድጃው ብዛት፣ የውኃው ታንከር፣ የዶሮ ወጡ ድስት የሚያድርበት ክፍልና የጭሱ መውጫ ይታያሉ። ሙስሊምና ክርስቲያን እንግዶች በእምነታቸው የታረደውን ለይተው ስለሚመገቡ፣ ሁለቱ ማዕዶች ከድስት እስከ ጭልፋ የማይደባለቁበት የተለየ ማቅረቢያ መኖሩ በኢትዮጵያ ሠርግ ዋና መመዘኛ ነው። ጥሬ ሥጋ ለሚያቀርብ ደጋሽም ሥጋው የሚሰቀልበትና ቆራጩ የሚቆምበት፣ ከሙሽሮቹ መድረክ ፊት ለፊት ያልሆነ ጥግ ያስፈልጋል።

ኮርኬጅ የሚባለው ክፍያ ብዙ ደጋሽ ሳያስበው የሚገባበት ወጪ ነው። ኮርኬጅ ማለት ደጋሹ ከውጭ ገዝቶ ለሚያስገባው እያንዳንዱ የመጠጥ ጠርሙስ ለአዳራሹ የሚከፍለው ሒሳብ ሲሆን፣ በውጭ በርካሽ ተገዛ የተባለው ውስኪ በዚህ ክፍያ ምክንያት ከሆቴሉ ዋጋ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ቤት ውስጥ የተጣለ ጠጅና የተጠመቀ ጠላ በዚህ ሥርዓት እንዴት እንደሚታይ፣ በጠርሙስ ስለማይቆጠሩ፣ ከባለ አዳራሹ ጋር ተነጋግሮ መጨረስ ይሻላል። የምግቡ አነሣስም ስሌት አለው፦ እያንዳንዱ እንግዳ ከቡፌው ለማንሣት ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ፣ አራት መቶ ሰው በአንድ ሰልፍ ለመስተናገድ 200 ደቂቃ፣ ማለትም ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ አራት ሰልፍ ሲኖር ግን ከሃምሳ ደቂቃ አይበልጥም። ስለዚህ አራት ሰልፍ የማያስተናግድ አዳራሽ የመጨረሻውን ጠረጴዛ እንግዶች ያስርባል፤ በባህላዊው መንገድ በየጠረጴዛው በትሪ ማስተናገድ ይህን ችግር ያስቀራል፤ ብዙ አስተናጋጅ ግን ይጠይቃል።

በአትክልት ስፍራ የሚደረግ ሠርግ በፎቶግራፍ ላይ የሚያምረውን ያህል በሰዓቱ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የጥር ቀን ፀሐያማ ቢሆንም ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ነጠላ የለበሱ እናቶችና ትከሻዋ ያልተሸፈነ ሙሽራ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ በሜዳ ላይ ሊቆዩ አይችሉም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ስለሚጥል፣ ድንኳን የሌለው የሜዳ ሠርግ ዕድልን መፈታተን ነው። ስለዚህ ምሳውን በሜዳ፣ የማታውን ጭፈራ በአዳራሽ ማድረግ የሚያስችል ግቢ ከተገኘ ከሁሉም ይመረጣል።

ጄኔሬተር፣ መጸዳጃ ቤት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ አያቶች የማይቸገሩበት ደረጃ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ጊዜ በአካል በመጎብኘት የሚታወቁ ናቸው። ጉብኝቱ ግን አዳራሹ ባዶ በሆነበት ማክሰኞ ጠዋት ሳይሆን፣ በባለቤቱ ፈቃድ ሌላ ሠርግ ሊደረግ በተዘጋጀበት ቅዳሜ ቢሆን የመብራቱ መቆራረጥ፣ የመኪናው ሰልፍና የአስተናጋጁ ብዛት በግልጽ ይታያሉ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እነዚህን ጥያቄዎች በሌላ መልክ ያገኙአቸዋል። በአሜሪካ አዳራሾች የሚይዙት ሰው ብዛት በእሳት አደጋ መከላከያ ደንብ ተወስኖ በግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ሳይጠራ የመጣን ዘመድ እንደ አገር ቤት ወንበር አጥብቦ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ብዙ አዳራሾችም የውጭ ምግብ ማስገባትን ስለሚከለክሉ ወይም ፈቃድ ያለው አቅራቢ ብቻ ስለሚቀበሉ፣ እንጀራና ወጥ ይገባል ወይ የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ይሆናል። በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ሑፓ የሚባለውን የጋብቻ ዣንጥላ በዚያው በድግሱ ስፍራ ስለሚተክሉ ከሥርዓቱ ወደ ድግሱ የመጓዝ ችግር አይገጥማቸውም፤ ነገር ግን በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ ብቻ የሚቀርብበት የኮሸር አዳራሽ ከቤት የተሠራ ወጥን ያለ ተቆጣጣሪ ወደ ወጥ ቤቱ አያስገባም።

ከሠርጉ በኋላ ሙሽሮች ወደ ሙሽራዪቱ ወላጆች ተመልሰው የሚስተናገዱበት መልስ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች የሚተዋወቁበት ቅልቅልም ሲጨመር የቦታው ጥያቄ ሁለትና ሦስት ይሆናል። መልሱን በትልቅ አዳራሽ መድገም ገንዘብ ከማባከን በቀር የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው፤ ሥርዓቱ በባህል ልብስ፣ በጥቂት ዘመድና በምርቃት የሚያምር በመሆኑ የወላጆች ግቢ፣ የኮሙናል ሕንፃ ወይም የእድር ድንኳን ይበቃዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ቀብድ ነው። ቀብድ ማለት ውሉ መደረጉን ለማረጋገጥ በቅድሚያ የሚሰጥ ገንዘብ ሲሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እርሱ ግልጽ ድንጋጌ አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ወገን ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀኑን ለተሻለ ከፋይ አሳልፎ የሰጠ ባለ አዳራሽ የተቀበለውን ብቻ መልሶ ነጻ ሊወጣ አይችልም። የሕጉ ጥበቃ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ በሚለው ቃል የታጠረ በመሆኑ፣ በአዳራሹ ታትሞ በሚቀርበው የውል ቅጽ ላይ ስለ መሰረዝ የሚናገረው አንቀጽ ከመፈረሙ በፊት ተነብቦ፣ ዋጋው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን ማጠቃለል አለማጠቃለሉ፣ ከአዳራሹ የሚወጣበት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ እያንዳንዱ ሰዓት የሚከፈለው ገንዘብ፣ የተረፈውን ምግብ ቤተሰቡ ይዞ መውጣት መቻሉም ጭምር በዚያው ወረቀት ላይ በጽሑፍ መስፈር አለበት።